ነጭ ጋዋን የሌለው የጤና ሥራ

ዛሬ የምናወራው ሥራ ስለ መምረጥ ነው። ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ሳይሆኑ በጤናው ዘርፍ መሥራት ለሚያስቡ፣ ሳያስቡት እዚያ ገብተውም በየጠዋቱ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ለሚሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ቦታችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሌላ ሰፈር አድማጮችም አትከፉ፣ ጉዳዩ እናንተም ጋ አለ።

እንበልና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ምጥ ያዛት። ሊፍት የለም። ጎረቤት ተቀስቅሶ፣ በነጠላ ተሸፍና፣ በሰው ተደግፋ በደረጃው ትወርዳለች። ወደ 907 ወይም ወደ 939 ይደወላል። ስልኩን ያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ናችሁ?» ብሎ ነው። «ኮዬ» ማለት አይበቃም፤ ሳይቱ ሰፊ ነው፣ በጨለማ ደግሞ ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሾፌሩ ሰፈሩን ካወቀ ይደርሳል፣ ካላወቀ ሲዞር ይነጋል። ጤና ጣቢያ ወይም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስትደርስ በሩን የሚከፍት ጥበቃ አለ። ካርድ ክፍል ውስጥ ስሟን እስከ አያቷ የሚመዘግብ፣ የእርግዝና ክትትል ያደረገችበትን የቀድሞ ካርዷን ፈልጎ የሚያወጣ ሰው አለ። የምትተኛበትን አንሶላ ቀን ያጠበ የላውንደሪ ሠራተኛ አለ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ አለ። ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ኃይሉን ያጣል፤ ያን ቅዝቃዜ ከመጋዘን እስከ ማዋለጃ ክፍል የጠበቀ ሰው አለ።

አዋላጇ ይህቺን እናት እስክታገኛት ድረስ ስንት ሰው እንደ ደከመላት ቁጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ ጋዋን የለበሰ የለም።

ይህን ነገር በደንብ ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩ። ሴሪን ታዲየስና ደቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶች የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ነው አሉ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የኛም ሀገር ብዙ የጤና ባለሙያዎች ይህን በትምህርት ቤት ይማራሉ። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከሐኪሙ ክፍል ውጪ ናቸው። ሦስተኛውም ቢሆን ግማሹ የመድኃኒት፣ የመሣሪያ፣ የደም፣ የመብራትና የወረቀት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሳሽነት ጉዳይ እንምጣ።

በዚህ ዘመን ወደ እነዚህ ሥራዎች የሚገባው ወጣት አብዛኛው እንዴት ነው የሚገባው? ዕውነቱን እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ አልተሻለም፤ 3.2 ነበር። ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ያደገ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ ቤት ይቀመጣል። ከዚያ አጎት ወይም ጎረቤት መጥቶ «ቢያንስ ጤና ነክ የሆነ ነገር ተማር» ይለዋል። ልጁም የጤና መረጃ ቴክኒሺያን ወይም የፋርማሲ ስቶር ሥራ ይማራል። ተመርቆ ይቀጠራል። ግን በልቡ ውስጥ ያ «ቢያንስ» ተቀምጧል። ዓመታት ካለፉም በኋላ በመስኮቱ በኩል ካርድ ሲያቀብል ፊቱ ላይ ይነበባል።

እኔ ይህን ልጅ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ያን ምክር ነው። አንድ ሰው የተሸነፈበትን ነገር ጎን ለጎን እያየ እንዲኖር የሚያደርግ ምክር ነውና።

በዚያ ላይ ታሪካችን ራሱ ይህን አስተሳሰብ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸው ነው። ኮሌጁ በቡድን እንዲሠሩ ብሎ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሳኒታሪያን በሽተኛ አያክምም። የሚያየው ውኃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቄራውን፣ የቆመውን ረግረግ ነው። ዘመናዊ የጤና ሥልጠና በሀገራችን ገና በእግሩ ሲቆም ከሦስቱ ባለሙያ አንዱ ከአልጋ አጠገብ የማይቆም ነበር ማለት ነው። ማንም «ቢያንስ ሳኒታሪያን ሁን» ብሎት አልነበረም። ወባ የሚመጣው ከረግረጉ ስለሆነ ወደ ረግረጉ የሚሄድ ሰው አስፈልጎ ነው።

ፈንጣጣም የጠፋው እንዲሁ ነው። የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ የሀገራችን የመጨረሻ ሕመምተኛ በባሌ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ነበር። ፈንጣጣ መድኃኒት አልነበረውም፤ የሚያስፈልገው ሰው እየፈለጉ መከተብ ብቻ ነው። ሳኒታሪያኖችና ሌሎች የዘመቻው ሠራተኞች በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው ከመንደር መንደር፣ ከገበያ ገበያ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሥራው መራመድ፣ መጠየቅና መመዝገብ ነበር። ያንን በሽታ ከዓለም ያጠፋው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚስበውን የራሱን ምክንያት ከየት ያገኛል?

ወጣቶችን ለምን ጤና ላይ መሥራት እንደሚፈልጉ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «ሰውን መርዳት ስለምወድ» ይላሉ። መልካም ነው፤ ግን በጣም ሰፊ ነው። ሰውን ዳቦ ጋግሮም መርዳት ይቻላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል በር ላይ መቶ ሰው ተሰልፎ፣ ግማሹ ሲጮህ፣ ሲስተሙ «ዳውን» ሲሆን፣ ያ ሰፊ ፍቅር እስከ ረፋድ አያደርስም። እኔ የማምነው ከዚህ የጠበበ ነገርን ነው። ጤና ተቋም ስትሄዱ ያናደዳችሁ ነገር ምን ነበር? ቁጭት ያላችሁ በየትኛው መስኮት ላይ ነው? አንድ የተወሰነ ነገር «ይህ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» አሰኝቷችሁ ከሆነ ሥራችሁ እዚያ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚሆን የታወቀ ሰው አለን። አቶ ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ ነበር፤ ሥራው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ክሊኒካል የሚባለው መሐል ላይ ነው። እዚያ ቆሞ የሚያየው ግን በአደጋ የተጎዳው ሰው በታክሲ፣ በጭነት መኪና፣ በሰው ትከሻ ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ሊያድኑት ይችሉ የነበረ ሰው እጃቸው ላይ ያልፋል። እርሱ ሰመመን መስጠቱን ቢያሻሽል ይህ አይለወጥም። ስለዚህ ቤቱን ሸጦ ሦስት አምቡላንስ ገዛና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቀው ነገር ሁሉ ተቀየረ፤ የሾፌር ሥልጠና፣ የስልክ ማዕከል፣ ነዳጅ፣ ጎማ፣ የክፍያ ሥርዓት። ለብዙ ሰው ይህ ከሙያ መውረድ ይመስላል። ለእርሱ ግን ችግሩ ያለበት ቦታ ድረስ መሄድ ነበር።

ሁላችሁም ቤታችሁን ሽጡ እያልኩ አይደለም፤ በተለይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ የምታውቁ አድማጮች እንዳትደነግጡ። የምለው የሰውዬው ምክንያት ጠባብና የራሱ ነበር፤ «ሰው በመንገድ ላይ እየሞተ ነው» የሚል። ለዚያ ነው የጸናው።

ሌላ ምሳሌ ከመሣሪያ ጥገና ላምጣ፤ ይህ ለኮዬ ፈጬ ልጅ ቅርብ ነው፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችሁ ነውና፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል የሚፈታታ ልጅም አይጠፋም። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ16 ሀገሮችን የንብረት መዝገብ አገላብጠው ነበር። ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ 38.3 በመቶው የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ዋና ምክንያት ያሏቸው የሥልጠና ማነስ፣ የአያያዝ ጉድለትና እንደ መብራት ያለ መሠረተ ልማት አለመሟላት ናቸው። ማልኪን ከዚያ ቀደም ሲል በሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ ደሃ ሀገሮች ውስጥ ለጥገና ከቀረቡት መሣሪያዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልጋቸው፣ በመሠረታዊ ክህሎት ብቻ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ፊውዝ፣ ሶኬት፣ የተዘጋ ቱቦ፣ የኃይል ማስተካከያ፣ ወይም ሠራተኛው አጠቃቀሙን እንዲያውቅ ማድረግ።

እስቲ አስቡት። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመ ማሽን አይታችኋል። አንዳንዱ የሚያስፈልገው ፈትቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። የሕፃናት ማሞቂያው ስለማይሠራ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር የተባለ አራስ ካያችሁና ካንገበገባችሁ፣ ባዮሜዲካል ለእናንተ «ቢያንስ» አይደለም። ለዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የግድ አይደለም፤ ተግባረ ዕድ ፖሊቴክኒክ የባዮሜዲካል ቴክኒሺያኖችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ምሕንድስናውን የሚፈልግ ደግሞ ጅማንና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን መጠየቅ ይችላል።

ሒሳብ የሚወድ ሰውስ? ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልን ላንሳ። ቀደም ሲል በብዙ ሆስፒታሎች ፋርማሲ ውስጥ ስንት መድኃኒት ገባ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ጊዜው አለፈበት፣ ስንቱ ጠፋ ብሎ በእርግጠኝነት መመለስ ከባድ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ እያንዳንዱ ግብይት በደረሰኝ የሚመዘገብበት፣ ኦዲተር ሊከታተለው የሚችል የመድኃኒት ግብይት ሥርዓት ተጀመረ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የፋርማሲ አካውንታንት የሚባል ሰው አለ። መድኃኒት አያዝዝም፣ ስለ መድኃኒቱ አያስረዳም። የሚሠራው ቁጥሩ ከመደርደሪያው ጋር እንዲገጥም ማድረግ ነው። ገጠመ ማለት ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሰው «የለም፣ ውጭ ግዛ» ሳይባል ይመለሳል ማለት ነው። «መድኃኒት የለም» የሚለውን ቃል የሰማና የተቃጠለ ሁሉ ይህን ወንበር ያስበው። ሀገር አቀፉን ግዢና ሥርጭት የሚመራው የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም የስቶር፣ የትራንስፖርት፣ የግዢና የመረጃ ሰው ይፈልጋል። ለኮዬ ቅርብ ቂሊንጦ ላይ ደግሞ ለመድኃኒት ማምረቻ የተከለለ የኢንዱስትሪ ቦታ አለ፤ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ የማሸጊያ መስመር ሠራተኛና የማሽን ጠባቂ ያስፈልጋል።

ስለ ካርድ ክፍልና ስለ መረጃ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚናቅ እርሱ ነውና። ኤችኤምአይኤስ በሚባለው የጤና መረጃ ክፍል የምትሠራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሬጅስተር ቆጥራ ኮምፒዩተር ላይ ትሞላለች። ጓደኞቿ «ቁጥር ስታስገቢ ትውያለሽ» ይሏታል። እዚያ ጤና ጣቢያ በዚህ ወር ስንት ሰው በተቅማጥ እንደመጣ የሚነግረው ግን ያ ቁጥር ነው። ኮዬ ላይ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ወር ቁጥሩ ከወትሮው ከፍ ካለ መጀመሪያ የምታየው ልጅቷ ናት፣ ከሐኪሞቹም በፊት። እያንዳንዱ ሐኪም የሚያየው የራሱን በሽተኛ ነው፤ እሷ የምታየው ሰፈሩን ነው። ይህን ያወቀች ዕለት ሥራዋ ይቀየራል። ያላወቀች እንደሆነ ወሩ መጨረሻ ላይ ያለፈውን ወር ቁጥር ትንሽ ጨምራ ትልካለች። ሁለቱንም ዓይነት ሠራተኛ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ነገር የግል ምናብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ያጠኑትን አቅርበዋል። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ የሥራ መዘርዝር ሥር ሆነው ሁለት ዓይነት ሰዎች አገኙ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል ማጽዳት ብቻ አድርገው ያዩታል፣ ከሰው ጋርም እምብዛም አይነጋገሩም። ሌሎቹ ራሳቸውን ከሚያድኑት ሰዎች መካከል ይቆጥራሉ፤ የሕመምተኛውን ሁኔታ አይተው የሚያጸዱበትን ሰዓት ያስተካክላሉ፣ ጠያቂ የሌለውን ሰው ያጫውታሉ። ሬዝኔስኪ ደጋግማ የምታነሳት አንዲት ሠራተኛ ራሳቸውን ስተው የተኙ ሰዎች ክፍል ውስጥ በግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ቦታ ትለዋውጥ ነበር፤ ለውጡ ምናልባት ይረዳቸው ይሆናል ብላ። ማንም አላዘዛትም።

የኛ ሀገር የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ከሥዕል የሚበልጥ ኃላፊነት አለባት። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 «ካሽ» በሚል ስም የታወቀውን የንጹሕ ጤና ተቋም ንቅናቄ የጀመረው ያለምክንያት አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ያማረ ቢሆን እንኳ ክፍሉ ካልጸዳ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

አሁን ደስ የማይለውን ክፍል ልናገር። በእነዚህ ሥራዎች ክብር በቀላሉ አይገኝም። ስብሰባ ላይ «እናንተ ሰፖርቲቭ ስታፍ ናችሁ» ተብሎ መጨረሻ ወንበር ላይ መቀመጥ አለ። የአደጋ ተጋላጭነት ክፍያ ላይ ክርክር አለ። ደመወዙ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ጋዋን መልበስም ከዚህ አያድንም፤ ሐኪሞችና ነርሶች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ክፍያቸው ያሰሙትን ጥያቄ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ «ለገንዘብ ነው የምሠራው» ማለት ነውር አይደለም፤ የኮዬ የቤት ኪራይና የታክሲ ዋጋ ይታወቃል። ችግሩ ሌላ ምክንያት ሳይኖር ሲቀር ነው። ደመወዙ ወር በገባ በሳምንቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት የሚያሠራ ነገር ያስፈልጋል።

አድማጮቼ፣ ገና ምርጫ ላይ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። አያታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ለሥራ ምርጫ ብላችሁ እንኳ ባይሆን፣ ለእነሱ ብላችሁ። ከበር ጀምሮ መድኃኒት እስኪቀበሉ ድረስ አብራችሁ ቁሙ። የት ቦታ ላይ ብዙ እንደቆማችሁ፣ ማን መልካም እንደሆነላቸው፣ ምን ወረቀት እንደጠፋ ልብ በሉ። ከዚያ ያናደዳችሁን አንድ ቦታ ምረጡና «እዚህ ወንበር ላይ ብቀመጥ፣ ማንም ባያመሰግነኝ፣ ይህን ነገር ማስተካከል ደስ ይለኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ጥሩ ነው፤ ክፍያና ጊዜ ተረፈላችሁ። «አዎ» ከሆነ እዚያ መስኮት ላይ የሚሠራውን ሰው ሥራ ሲቀል ጠብቃችሁ አነጋግሩት። አብዛኛው ሰው ስለ ሥራው ተጠይቆ አያውቅም፤ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ሥራ ላይ ላላችሁት ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። ሥራችሁ የሚደርስበትን ሰው አንድ ጊዜ እዩት። የስቶር ሠራተኛ ከሆናችሁ ማዋለጃ ክፍል ሄዳችሁ ያወጣችሁት መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ ጠይቁ። አካውንታንት ከሆናችሁ ተራ በሚጠብቁት መካከል ተቀመጡ። ይህን ለማድረግ ኃላፊ ማስፈቀድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አስፈቅዱ።

በመጨረሻም ምክንያታችሁን ካገኛችሁ በኋላ ችኮላ አይግባችሁ። ተነሳስቶ የመጣን ወጣት ገንዘብ የሚቀበል ብዙ ነው። በየመንገዱ የሚበተነው የኮሌጅ በራሪ ወረቀት ሁሉ ዕውቅና ያለው ትምህርት አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ በዚያ በምትማሩት የሙያ ዓይነትና ደረጃ፣ በዚያ በምትማሩበት ቅርንጫፍ የዕውቅና ፈቃድ እንዳለው፣ ዲግሪ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቴክኒክና ሙያ ከሆነ ከከተማው ወይም ከክልሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስትጨርሱ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና የት እንደምትወስዱና የተግባር ልምምድ የትኛው ጤና ተቋም ውስጥ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። መልስ ካልሰጧችሁ ደረሰኝ ሳታስቆርጡ ውጡ።